ፍልስፍና መማር ለዛሬ ኑሮ ይጠቅማል ወይ? ሳትሸነግሉ ንገሩኝ

ቀለም_ወዳድ፦

ሰላም ለዚህ ቤት። ጥያቄዬ አጭር ነው፤ ማብራሪያው ግን ትንሽ ይረዝማልና ታገሱኝ።

የምሠራው ሒሳብ ክፍል ነው። ሥራዬን አልጠላውም፣ ደሞዙም አይከፋም። ግን ከሆነ ጊዜ ወዲህ ማታ ማታ ፍልስፍና ማንበብ ጀመርኩና ነገሩ ያዘኝ። አሁን በማታው ክፍለ ጊዜ ልመዝገብ ወይስ ይቅርብኝ እያልኩ ልቤ ተከፍሏል። ሰው ሳማክር መልሱ አንድ ነው፦ «ደግሞ ልትፈላሰፊብን ነው?» ታላቅ ወንድሜማ «እንጀራ የማይሆን ነገር ምን ያደርግልሻል» ብሎ ነገሩን ዘጋው። እልህ ይዞኝ ልመልስለት አሰብኩ፤ የምለው ጠፋኝ።

ሁለት መልስ ግን በአክብሮት እንዳትሰጡኝ። አንደኛው «ፍልስፍና የሳይንስ ሁሉ እናት ናት» የሚለው ነው። ገብቶኛል። ኒውተን እንኳ በ1687 ያወጣውን ትልቁን መጽሐፉን በርዕሱ የተፈጥሮ ፍልስፍና ነው ያለው። ግን እናትየዋ ልጆቿን ሁሉ ድራ ጨርሳ ባዶ ቤት ቀርታ ከሆነስ? ፊዚክስ ወጣ፣ ሥነ ልቦና ወጣ፣ ቤት የቀረው ማነው? ሁለተኛው «አእምሮን ያሰፋል» የሚለው ነው። በምን ታወቀ? እንዴት አድርጎ? ዝም ብሎ የሚባል ነገር አልፈልግም።

የምፈልገው ይሄ ነው፦ ተምራችሁት ወይም በሥራችሁ አጋጥሟችሁ «ይሄን ባላውቅ ኖሮ እዚህ ጋ እሳሳት ነበር» የምትሉት ነገር ካለ ንገሩኝ። የለም፣ ጊዜሽን አታጥፊ የምትሉ ካላችሁም በግልጽ።


ቀጥተኛው፦

እኔ አይጠቅምም ባይ ነኝ። ግን ቆይ፣ ምኑ እንደማይጠቅም ልለይ። ማንበቡ ይጠቅምሻል ወይ? እኔ ምን አውቄ፣ ከወደድሽው አንብቢ። ዲግሪው ግን ሌላ ነገር ነው። ዲግሪ ማለት የዓመታት ማታ፣ ክፍያ፣ ፈተና፣ በዚያ ላይ ከቤተሰብ የሚቀር ጊዜ ነው። ይሄን ሁሉ ከፍለሽ ያገኘሽው ወረቀት ሥራ ስትፈልጊ ምን ይናገርልሻል? «ፈላስፋ እንፈልጋለን፣ የሥራ ልምድ ሁለት ዓመት» የሚል ማስታወቂያ እስከ ዛሬ አላየሁም። መጻሕፍቱ እንደሆነ አሉ። ትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎችም ትምህርታቸውን በቪዲዮ በነፃ ለቀውታል። ማን ያዘሽ?

ደግሞ አንድ የሚያናድደኝ ነገር አለ። ይሄ ጥያቄ በተነሣ ቁጥር ስም የሚደረድር ሰው አይጠፋም። ሊንክድኢንን ከመሠረቱት አንዱ ሪድ ሆፍማን ኦክስፎርድ ፍልስፍና ተምሯል፤ ፍሊከርና ስላክ የሚባሉትን የኢንተርኔት አገልግሎቶች ከጀመሩት አንዱ ስቱዋርት በተርፊልድም ያጠናው ፍልስፍና ነው፤ ፔይፓልን ከመሠረቱት አንዱ ፒተር ቲልም ስታንፎርድ እንደዚሁ። እሺ፣ እውነት ነው። ግን ያንኑ ትምህርት ተምሮ ሥራ ፍለጋ ጫማው ያለቀበትን ሰው ማን ደረደረው? የተሳካለት ስሙ ይነሣል፣ ያልተሳካለት አይነሣም። በዚህ ዝርዝር ተታልለሽ እንዳትወስኚ።


ኮድ_ነካሽ፦

ቀጥተኛው ወንድሜ፣ ስለ ዲግሪው አልከራከርህም። እሷ የጠየቀችው ግን «ይሄን ባላውቅ እሳሳት ነበር» የሚባል ነገር አለ ወይ ብላ ነው። እኔ ፕሮግራመር ነኝ፣ ከራሴ መስክ ልንገራት።

ታሪኩን ቶሎ ልለፈው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ጆርጅ ቡል የሚባል የሒሳብ ሊቅ በ1854 የሰው ልጅ አስተሳሰብ የሚሄድበትን ሕግ በአልጀብራ ጻፈው። ክሎድ ሻነን የሚባል ኢንጂነር ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ የፍልስፍና ኮርስ ወስዶ ነበርና የቡልን ሎጂክ እዚያ አገኘው። በ1937 ለማስተርስ በጻፈው ጽሑፍ ደግሞ የኤሌክትሪክ ማብሪያ ማጥፊያዎችን በዚያው አልጀብራ መንደፍ እንደሚቻል አሳየ። ይሄን የምታነቢበት ስልክ ውስጥ ያለው ሁሉ በዚያ መንገድ የመጣ ነው። ጥሩ ታሪክ ነው፣ ግን የጠቀመው ሻነንን ነው። ለሌሎቻችን ያን ያህል ዕድል አይገጥመንም፣ ስለዚህ ይለፍ።

እኔን የጠቀመኝ ሌላ ነው። አንድ ጊዜ ብድር ለሚጠይቁ ሰዎች ነጥብ የሚሰጥ ፕሮግራም ላይ እየሠራን ነበር። አለቃችን መጥቶ «ይሄ ሲስተም ፍትሐዊ መሆኑን አረጋግጡልኝ» አለና ሄደ። እኛም ማረጋገጥ ጀመርን። አንዱ ልጅ ወንድና ሴት አመልካቾች በእኩል መጠን መፈቀዳቸውን ቆጠረና አያዳላም አለ። ሌላዋ አንድ ዓይነት ነጥብ ያገኙ ሰዎች በእርግጥ በእኩል መጠን ይከፍላሉ ወይ ብላ ቆጠረችና ያዳላል አለች። ሦስተኛው መክፈል እየቻሉ የተከለከሉትን ቆጥሮ ሌላ ቁጥር አመጣ። ስብሰባ ላይ ሁሉም ቁጥሩን ይዞ ይጮሃል። ማንም አልተሳሳተም፣ ማንም አልተግባባም። በመጨረሻ አንዲት ፍልስፍና የተማረች ባልደረባችን ብድግ ብላ ሰሌዳው ላይ ሦስት ዓረፍተ ነገር ጻፈች፦ እያንዳንዳችሁ «ፍትሐዊ» ስትሉ ማለታችሁ ይሄ፣ ይሄ እና ይሄ ነው፤ መጀመሪያ የትኛውን እንደምንፈልግና ለምን እንደሆነ እንወስን። በቃ። ኮድ አልጻፈችም፣ ግን ከዚያ በኋላ ሥራው ሄደ።

ይሄ የኛ ቢሮ ወግ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ፍርድ ቤቶች ኮምፓስ የሚባል ፕሮግራም ተከሳሹ ወደፊት ወንጀል የመድገም ዕድሉን ይገምታል። በ2016 ፕሮፐብሊካ የተባለ የዜና ተቋም ከፍሎሪዳ የተገኘ መዝገብ መረመረ። በኋላ ወንጀል ካልደገሙት ጥቁሮች መካከል 44.9 በመቶው ያለ ጥፋታቸው «አስጊ» ተብለው ነበር፤ ከነጮቹ ግን 23.5 በመቶው። ፕሮግራሙን የሠራው ኩባንያ ደግሞ ተነሥቶ «አስጊ ካልናቸው ውስጥ በእርግጥ የሚደግሙት በሁለቱም ወገን ተቀራራቢ ነው፤ ስለዚህ ነጥባችን አያዳላም» አለ። የሚገርመው ሁለቱም ቁጥራቸው ልክ ነው። ተመራማሪዎች በኋላ በሒሳብ እንዳሳዩት፣ የሁለቱ ቡድኖች መነሻ መጠን (ከየቡድኑ በእርግጥ ወንጀል የሚደግመው ሰው ድርሻ) ከተለያየና ትንበያው ፍጹም ካልሆነ እነዚህን ሁለት ዓይነት ፍትሐዊነቶች አንድ ላይ ማግኘት አይቻልም።


ቀጥተኛው፦

ታዲያ እንደምትለው ነገሩን የፈታው ሒሳብ ነው፤ ፍልስፍና ምን አደረገ?


ኮድ_ነካሽ፦

ሒሳቡ «ሁለቱን አብራችሁ አታገኙም» አለ። አንዱን ልቀቁ ሲባል የትኛውን እንልቀቅ? ያለ ጥፋቱ የሚታሰረውን ሰው እናስቀድም ወይስ የነጥቡን ትርጉም ለሁሉም እኩል ማድረጉን? እሱን ከቁጥር አታገኘውም። «እንዲህ ነው» ከሚል ዓረፍተ ነገር ተነሥተህ «እንዲህ መሆን አለበት» ወደሚለው ዘለህ መግባት አትችልም፣ መሐል ላይ አንድ ነገር ይጎድላል፤ ዴቪድ ሂውም የሚባል ፈላስፋ ይሄን በ1740 ጽፎት ሄዷል። በየስብሰባው ሰው ግራፍ አሳይቶ «ስለዚህ እንዲህ እናድርግ» ሲል ያቺን የጎደለች ነገር የሚፈልግ ሰው ያስፈልጋል። እኔ የማውቃቸው ኢንጂነሮች አብዛኞቹ አይፈልጓትም። እኔን ጨምሮ።


የሌሊት_ተረኛ፦

እኔ ነርስ ነኝ። ፍልስፍና በዲግሪ አልተማርኩም። ትምህርት ቤት ሳለን ግን የሕክምና ሥነ ምግባር የሚባል ኮርስ ነበረን፣ ግማሹ ክፍል ይተኛበት ነበር።

ሥራ ከጀመርኩ በኋላ አንድ አዛውንት ገቡ። እግራቸው በስኳር ምክንያት ተበላሽቶ መቆረጥ ነበረበት። እሳቸው «አልቆረጥም» አሉ። ዶክተሩ ወጣት ነው፣ ቅን ልጅ ነው፣ ጨንቆታል። «አእምሯቸው ልክ አይደለም፣ ቤተሰብ ይፈርምልን» አለ። ለምን ልክ አይደለም አልከው ስለው፣ «ካልተቆረጠ ይሞታሉ፣ እሳቸው እምቢ እያሉ ነው፤ ልክ የሆነ ሰው እንዲህ ይላል?» አለኝ። ልብ በሉ፣ ይሄ ክብ ነው። እምቢ ያሉት አእምሯቸው ልክ ስላልሆነ ነው፤ ልክ አለመሆኑ የታወቀው ደግሞ እምቢ ስላሉ ነው። በዚህ መንገድ ከተሄደ እሺ የሚል ታካሚ ብቻ ነው ጤነኛ።

ያ ሁሉ ሰው የተኛበት ኮርስ ላይ የነበረው ይሄ ነው። የሰውን የመወሰን ችሎታ በውሳኔው አትመዝነውም። የተነገረው ገብቶታል ወይ? ጥቅሙንና ጉዳቱን ማመዛዘን ይችላል ወይ? በራሱ ቃል መልሶ ይነግርሃል ወይ? እሱን ነው የምታየው። አጠገባቸው ተቀመጥኩና «አባቴ፣ ዶክተሩ ያሉዎትን እስቲ እርስዎ ይንገሩኝ» አልኳቸው። ከኔ አሳምረው ነገሩኝ። ካልተቆረጠ ምን እንደሚሆን፣ በስንት ጊዜ፣ ሕመሙ እንዴት እንደሚሆን። ለምን እንደማይፈልጉም ነገሩኝ። የመጨረሻውን አልጽፍም፣ የሰው ገመና ነው። ግን ያን ቀን ውሳኔው የሳቸው ሆኖ ቀረ፣ ዶክተሩም ከዚያ በኋላ የሚያወራው ለሳቸው እንጂ ለልጆቻቸው አልነበረም።

«ምን ይጠቅማል» ለሚል ሰው ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ከ1932 እስከ 1972 የተደረገውን የተስኪጊውን ምርምር እንዲያነብ ነው የምነግረው። ቂጥኝ የያዛቸው 399 ጥቁር ወንዶች ሕመማቸው ሳይነገራቸው ዝም ብለው ይታዩ ነበር፤ ፔኒሲሊን መድኃኒቱ መሆኑ ከታወቀ በኋላ እንኳ አልተሰጣቸውም። ሐኪሞቹ ሳይንስ አላነሳቸውም። ጉዱ ከወጣ በኋላ ኮሚሽን ተቋቋመና በ1979 ቤልሞንት የሚባለው ሪፖርት ወጣ፤ ከአርቃቂዎቹ አንዱ ቶም ቢቻምፕ የሚባል ፈላስፋ ነበር። ሰውን ማክበር፣ በጎ ማድረግ፣ ፍትሕ የሚሉት ሦስት መርሆች የመጡት ከዚያ ነው። ዛሬ ምርምር ላይ የሚሳተፍ ሰው የሚፈርማት የስምምነት ወረቀት ከነዚህ መርሆች ጋር የተያያዘች ናት።

እንግሊዝ አገርም እንዲሁ። ከማሕፀን ውጭ ጽንስ መፍጠር ሲቻል መንግሥት ምን ይፈቀድ ምን ይከልከል ብሎ በ1982 ኮሚቴ ሲያቋቁም ሰብሳቢ ያደረገው ሐኪም አይደለም፣ ሜሪ ዋርኖክ የምትባል ፈላስፋ ናት። አንዱ ወገን ጽንስ ከመጀመሪያው ሰው ነው ይላል፣ ሌላው ገና ሕዋስ ነው ይላል። ሁለቱን አስታርቃ አንድ እምነት ልታስይዛቸው አልሞከረችም፤ አይሆንማ። የኮሚቴው ሪፖርት በ1984 ሲወጣ ጽንሱን ከ14 ቀን በላይ በላቦራቶሪ ማቆየት ይከልከል አለ። ለምን 14? በዚያ አካባቢ ነው የጽንሱ የመጀመሪያ መስመር (አካሉ መቀረጽ ሲጀምር የሚወጣ ጭረት) የሚታየው፣ ከዚያ በኋላ ለሁለት ተከፍሎ መንታ ሊሆን አይችልም። ከሁሉ በላይ ግን ቀን ማንም ሰው ሊቆጥረው ይችላል። ሕግ የሚፈልገው እንደዚህ ያለ የማያከራክር መስመር ነው። በ1990 ሕግ ሆነ። እኔ ይሄን ሳነብ ፍልስፍና ለካ ደመና ላይ የሚቀመጥ ነገር ብቻ አይደለም አልኩ።


ነገር_ፈታሽ፦

ሁላችሁም አሪፍ ጻፋችሁ። ግን የምታወሩት ፍልስፍና ለዓለም ስላደረገው ነው፤ እሷ የጠየቀችው ለአንድ ተማሪ ምን ያደርጋል ብላ ነው። እነዚህ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። ሜሪ ዋርኖክ ጠቀመች ማለት ፍልስፍና የተማረ ሁሉ ይጠቅማል ማለት አይደለም።

መጀመሪያ «ፍልስፍና ጥሩ ሰው ያደርጋል» የሚለውን ላፍርሰው። ኤሪክ ሽዊትዝጌበል የሚባል አሜሪካዊ ፈላስፋ፣ ራሱ ፈላስፋ ነው፣ የሥነ ምግባር ፕሮፌሰሮች ከሌሎች ፕሮፌሰሮች የተሻለ ጠባይ አላቸው ወይ ብሎ ለዓመታት ሲቆጥር ኖሯል። በ2009 ያወጣው ጥናት በጣም ያሳቀኝ ነው። የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት መዝገብ አየ። በብዛት ፕሮፌሰሮችና ከፍተኛ ተማሪዎች ብቻ የሚዋሷቸው የሥነ ምግባር መጻሕፍት ከሌሎች ተመሳሳይ የፍልስፍና መጻሕፍት ይልቅ 50 በመቶ ያህል የበለጠ የመጥፋት ዕድል ነበራቸው። ሥነ ምግባር የሚያስተምረውን መጽሐፍ ወስዶ መቅረት! በሌሎች ጥናቶችም፣ ለተማሪ ኢሜይል መመለስ ሁሉ ሳይቀር ታይቶ፣ ከባልደረቦቻቸው ብዙም አልተሻሉም። ሃይደገር የሚባለውን ትልቅ ፈላስፋ ደግሞ ሁሉም ያውቀዋል፤ በ1933 የናዚ ፓርቲ አባል ሆኗል። ስለዚህ ጥሩ ሰው ለመሆን ብለሽ ከሆነ ክፍያሽን አትክፈዪ።

ግን ነገሩ እዚያ አያልቅም። ያው ሰውዬ ከሌሎች ጋር ሆኖ በ2020 ሌላ ጥናት አወጣ። ከሺህ በላይ ተማሪዎችን ለሁለት ከፍሎ ግማሹ ሥጋ ስለመብላት ሥነ ምግባር አንድ ጽሑፍ አንብበው እንዲወያዩ አደረገ፣ ግማሹ ስለ ሌላ ጉዳይ ተወያየ። ከዚያ በግቢው መመገቢያ ምን እንደገዙ በካርዳቸው ታየ። ስለ ሥጋ የተወያዩት ከገዙት ምግብ ውስጥ ሥጋ ያለበት ከ52 በመቶ ወደ 45 በመቶ ወረደ፣ የሌሎቹ እዚያው ቆመ። ይሄ ትንሽ አይደለም። እንግዲህ ፕሮፌሰሩን ያልለወጠው ነገር ተማሪውን ለምን ለወጠ? የኔ ግምት፦ ፕሮፌሰሩ ለሁሉም ነገር ምክንያት ማበጀት ስለሠለጠነ ለራሱም ያበጃል። ተማሪው ገና አልሠለጠነም።

ማሰብን ያሻሽላል ወይ ለሚለው፣ ፍልስፍና ያጠኑ ተማሪዎች በአሜሪካ የድኅረ ምረቃና የሕግ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተናዎች ከፍ ያለ ውጤት እንደሚያመጡ ከድሮ ይታወቃል። እዚህ ጋ ግን ቀጥተኛው ያለው ዓይነት ወጥመድ አለ፦ መጀመሪያውኑ ጎበዝ የሆኑት ቢሆኑስ ፍልስፍናን የሚመርጡት? በ2025 የወጣ አንድ ጥናት ከ600,000 በላይ ተማሪዎችን ወስዶ፣ ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ የነበራቸውን ውጤት ግምት ውስጥ አስገብቶ አየ። ልዩነቱ አልጠፋም። በቃላዊ ማመዛዘንና የራስን አስተያየት ለመፈተሽ ፈቃደኛ በመሆን ፍልስፍና የተማሩት በልጠው ተገኙ። አንድ ጥናት ነው፣ እሱም ምልከታ ነው እንጂ በዕጣ የተመደበ ሙከራ አይደለም። ግን «ዝም ብሎ የሚባል» ከምትዪው በላይ ነው።


ዝምተኛ_አንባቢ፦

እኔ አጭር ነኝ። ጭንቀት ሲይዘኝ ወደ አማካሪ ሄድኩ። የተሰጠኝ ሕክምና የሚያስጨንቀኝን ሐሳብ ጽፌ፣ «ይሄ የሆነው ነገር ነው ወይስ እኔ ስለሆነው ነገር የፈረድኩት?» ብዬ እንድለይ ነበር። በኋላ ሳነብ፣ የዚህን ሕክምና አንዱን መንገድ በ1950ዎቹ የጀመረው አልበርት ኤሊስ ሐሳቡን ከኤፒክቴተስ እንዳገኘ ራሱ ተናግሯል። ኤፒክቴተስ ባሪያ ሆኖ የኖረ የጥንት ፈላስፋ ነው፤ ሰውን የሚያውከው ነገሩ ሳይሆን ስለ ነገሩ ያለው አመለካከት ነው ያለው እሱ ነው። ሁለት ሺህ ዓመት ሊሞላው ትንሽ የቀረው ሐሳብ ክኒን ካልሰጠኝ ሐኪም እጅ ደረሰኝ ማለት ነው።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። በሶሻል ሚዲያ «ስቶይክ ሁን» (የነኤፒክቴተስን ፍልስፍና ያዝ ለማለት ነው) እያሉ ሆድህን አጠንክር፣ ስሜት አታሳይ የሚሉት ሌላ ነገር ነው። ዋናዎቹን ብታነቡ ስለ ሌላው ሰው ያለብን ግዴታ ግማሹን ይይዛል። ቆርጠው ነው የሚሸጡልን።


ቀጥተኛው፦

ቆይ፣ ለኔ ወገን የሚሆን አንድ ታሪክ ልጨምር። ታሌስ የሚባለውን የመጀመሪያውን ፈላስፋ «ድሃ ነህ፣ ፍልስፍናህ ምን ጠቀመህ» ብለው ሰደቡት አሉ። እሱም ኮከብ ቆጥሮ የወይራ ምርት እንደሚበዛ አወቀና ገና በክረምቱ መጭመቂያዎቹን ሁሉ በርካሽ ተከራየ። ምርቱ ሲደርስ በፈለገው ዋጋ አከራያቸውና ከበረ። ፈላስፋ ከፈለገ መክበር ይችላል ለማለት ነው የሚተርኩት። ግን ታሪኩን የጻፈልን አርስቶትል ራሱ ይሄ የንግድ ዘዴ ነው፣ ገበያውን ለብቻ መያዝ ነው ይላል። አያችሁ? ያኔም ያበላው ንግድ ነው።


የድሮ_ተማሪ፦

ቀጥተኛው አሳቅኸኝ፣ ጥሩ አድርገህ ነው ያነበብከው።

እኔ ፍልስፍና ተምሬ ነው የተመረቅኩት። የምሠራው ግን ውል ማርቀቅና መመርመር ላይ ነው። ከተመረቅኩ በኋላ ሥራ ለማግኘት ተንከራትቻለሁ፣ እሱን አልደብቅም፤ ሌላ ሙያ ጨምሬ ነው የቆምኩት። ዲግሪው ብቻውን በር አይከፍትም የሚለውን ከቀጥተኛው ጋር እስማማለሁ። አንቺ ግን ሥራ አለሽ። ስለዚህ ጥያቄሽ ከኔ ያኔ ከነበረኝ የተለየ ነው።

ማንም ያልነገረሽን ልንገርሽ፦ ክፍል ውስጥ ምን እንደሚሠራ። ሰው የሚመስለው ቁጭ ብለን «ሕይወት ምንድን ናት» እያልን የምናወራ ነው። አይደለም። ዋናው ሥራ አሰልቺ ነው። አንድ ገጽ ይሰጥሻል። ደራሲው ምን ሊያሳምንሽ እንደፈለገ በአንድ ዓረፍተ ነገር ትጽፊያለሽ። ከዚያ እዚያ ለመድረስ የተጠቀመባቸውን መነሻዎች በቁጥር ትደረድሪያለሽ። ከዚያ ያልጻፈውን፣ ግን ያለሱ ሐሳቡ የማይቆመውን መነሻ ትፈልጊያለሽ። ጨዋታው ያለው እሱ ላይ ነው።

እስቲ የወንድምሽን እንውሰድ፣ እሱ ቅር አይበለውና። «ፍልስፍና እንጀራ አይሆንም፤ ስለዚህ አትማሪው።» መነሻው አንድ ነው፣ መደምደሚያው አንድ ነው። መሐል የተደበቀው «እንጀራ የማይሆን ነገር መማር አይገባም» የሚል ነው። ይሄን አውጥተሽ ጠረጴዛ ላይ ብታስቀምጪው ወንድምሽ ራሱ የሚስማማበት አይመስለኝም። ለልጁ ተረት መንገር የሚማር አባት እንጀራ አያገኝበትም። እንግዲህ አሸነፍኩት ብለሽ ትሄጃለሽ? አይደለም፤ ጥሩ አስተማሪ ካለሽ እዚህ ጋ ያስቆምሻል። የተቃዋሚሽን ሐሳብ በደካማው መልኩ አፍርሰሽ አትሂጂ፣ በጠንካራው መልኩ ራስሽ ገንቢለትና ከዚያ ተከራከሪ ይልሻል። የወንድምሽ ሐሳብ በጠንካራው መልኩ ምን ይሆናል? «ጊዜሽና ገንዘብሽ ውስን ነው፤ በዚያው ጊዜና ገንዘብ ሙያሽን የሚያሳድግ ነገር ብትማሪ ለአንቺም ለቤተሰብም የበለጠ ይጠቅማል፤ ማንበቡን ደግሞ ያለ ዲግሪም ትቀጥያለሽ።» አሁን ይሄ ቀላል አይደለም። ይሄን መመለስ አለብሽ። ምናልባት መልስሽ «ብቻዬን ሳነብ የሚያርመኝ የለም» የሚል ይሆናል። ምናልባትም መልስ አይኖርሽም፣ ያኔ እሱ ልክ ነው።

ይሄንን ነው በየቀኑ ሥራዬ ላይ የምሠራው። ውል አምጥተው «ተመሳሳይ ጥራት ያለው ዕቃ ያቀርባል» የሚል ዓረፍተ ነገር ያስነብቡኛል። ከምን ጋር ተመሳሳይ? በማን ሚዛን? ከመቼ ጀምሮ? ሰው «ነገር አታብዛ» ይለኛል። ከስድስት ወር በኋላ ሲካሰሱ ግን የሚካሰሱት በዚያችው ቃል ነው። ይሄን የሕግ ትምህርትም ያስተምራል፣ ፍልስፍና ብቻ ነው አልልም። እኔ ግን ያገኘሁት ከዚያ ነው።

ጉዳቱንም ልንገርሽ፣ ማንም አያወራውም። የመጀመሪያውን ዓመት የተማረ ሰው አብሮት መቀመጥ አይቻልም። እራት ላይ እናቱ «ዛሬ ይዘንባል» ስትል «በምን ታወቀ?» ይላል። ስሕተት የማግኘት ሱስ ነው። አንዳንዱ ይለቀዋል፣ አንዳንዱ እንደያዘው ይቀራል፣ ጓደኞቹም አንድ በአንድ ይቀንሳሉ። ደግሞ ውሳኔን ያዘገያል። ለሁሉም ወገን ምክንያት የሚታየው ሰው ቶሎ መወሰን ይከብደዋል። ሥራ ላይ ይሄ አንዳንዴ ይጎዳል፣ እኔን ጎድቶኛል።


ቀለም_ወዳድ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ከጠበቅሁት በላይ ነው ያገኘሁት። የሌሊት ተረኛ፣ ያንቺን ሁለቴ አነበብኩት። የድሮ ተማሪ ደግሞ ወንድሜን ከኔ የተሻለ ተከራከርክለት፣ አሁን ጭራሽ ከበደኝ :)

አልወሰንኩም። ግን ሙሉ ዲግሪ ከመመዝገቤ በፊት አንድ ኮርስ ብቻ ለመውሰድ እያሰብኩ ነው፤ እንዲህ ያለ ዕድል አለ ብለውኛል። የትኛውን ልውሰድ? በራሴ ሄግል የሚባለውን ጀርመናዊ ፈላስፋ ጀምሬ ሦስተኛው ገጽ ላይ ቆሜያለሁ።


የድሮ_ተማሪ፦

ሄግልን ለጊዜው ተዪው፣ አስተማሪዎቹም እየተጣሉበት ነው። ሎጂክ ውሰጂ፤ በተለይ የንግግርና የጽሑፍ ሙግት የሚፈታውን፣ ምልክት ብቻ የበዛበትን ሳይሆን። የሒሳብ ሰው ስለሆንሽ ምልክቱ ይቀልሻል፣ ግን የሚያስፈልግሽ ሌላኛው ነው። ከወደድሽው ሥነ ምግባር ቀጥዪ።

ከመክፈልሽ በፊት ግን አንድ ነገር ጠይቂ፦ ተማሪ የጻፈውን አርመው፣ አስተያየት ጽፈውበት ይመልሳሉ ወይ? ንግግሩንማ ቀጥተኛው እንዳለው ቪዲዮ ላይ በነፃ ታገኚዋለሽ። የምትከፍዪው ለሚያርምሽ ሰው ነው። «ፈተናው ምርጫ ነው» ካሉሽ ሌላ ቦታ ፈልጊ።


ቀጥተኛው፦

በዚህኛው እስማማለሁ።